በደጃፉ ፓውዛ የሰቀለው ማረፊያ

ሰላም፤ ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ስለሆንኩ በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ባለፈው ኮከብ ለማየት ገጠር ወጣ ብዬ ነበር። ዘጠኝ ሆነን ሜዳ ላይ ተቀምጠናል። አስጎብኚው «ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ ታገሱ» ብሎናል። ታገስን። ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ የከዋክብት ጎዳና፣ እንደ ስስ ጭስ ብቅ ማለት ሲጀምር እኔ ሆዬ ሰዓት ለማየት ስልኬን አወጣሁ። ስክሪኑ ቦግ! «ኧረ ልጄ፣ አጥፋው!» አሉ አጠገቤ የነበሩ እናት። ሁላችንም ከዜሮ ጀመርን። አስጎብኚው ምንም ሳይናገር ቀይ ባትሪ አቀበለኝ፤ ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደ ዓይንን ብዙም አይረብሽም።

ከእኔ የባሰም ነበር እኮ። ያረፍንበት ቤት፣ ኮከብ ፈላጊ ለመቀበል የተሠራው ቤት፣ በሩ ላይ ነጭ ፓውዛ ሰቅሏል። ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። እንግዳ ሲበዛ ማረፊያ ይበዛል፣ ማረፊያ ሲበዛ መብራት፤ መጨረሻ ላይ የሚሸጠው ነገር ራሱ፣ ጨለማው፣ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት መብራት የሚያመጣው የሌሊት ሰማይ ብርሃን ከ2011 እስከ 2022 በዓመት ወደ 10 በመቶ ገደማ ሲጨምር እንደነበር ያሳያል። በዚህ አካሄድ፣ ሲወለድ 250 ኮከብ ይታይበት ከነበረ ቦታ ያደገ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የሚያየው 100 ያህሉን ነው።

ታዲያ የመንደሩን ሰው ምን እንበለው? መብራት ገና የገባለትን ሰው ከከተማ ሄጄ «አጥፋ» የምልበት ድፍረት የለኝም። ደግሞም አያስፈልግም። አምፖሉ ከላይ ቆብ ይደረግለት፤ ወደ ሰማይ የሚሄደው ብርሃን ለማንም አያበራም፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል። ቀለሙም ወደ ቢጫ ያድላ፣ በብርሃን ቀለም መለኪያው በኬልቪን ከ3000 ባይበልጥ ይመረጣል። ሰማያዊ የበዛበት ነጭ ብርሃን አየር ላይ ይበልጥ ይበተናላ።

ኒውዚላንድ ውስጥ ማኬንዚ የሚባለው አካባቢ የውጭ መብራት ደንብ ያወጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ አጠገቡ ላለው የሥነ ፈለክ ጣቢያ ሲባል። ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ሥፍራ የተባለው ግን በ2012። ደንቡ ዝናውን 30 ዓመት ቀደመው። እኛ ቴሌስኮፑን ገዝተን ነው ስለ አምፖሉ የምናስበው።

ኮከብ በቀን አይታይምና እንግዳው ግድ ያድራል፤ የአልጋው ገንዘብ እዚያው ይቀራል። (ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሰሞን ግን ገበያው ቀዝቃዛ ነው።) ያ ገንዘብ ከማረፊያው ባለቤት ካላለፈ ግን ጎረቤቱ ምን አገኝ ብሎ አምፖሉን ይሸፍናል?

ከሜዳው ስንመለስ አንድ ደጅ ላይ መብራት አየሁ። ከዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ ቆብ ተሠርቶለታል፤ የሚያበራው ደረጃውን ብቻ ነው። «የማን ቤት ነው?» አልኩ።

«የእኔ» አለ አስጎብኚው።

ቀጥሎ ያለው ግቢ እንደ ቀን ፏ ብሎ በርቷል።