ከኋላ ያሉትን ልጆች በየሳምንቱ አትቀያይሩ (በሲዝን መዝጊያ እራት ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። ወላጆች፣ ኮቾች፣ እናንተም ልጆች፣ በተለይ ደሞ ከጠዋት ጀምሮ ኪችን የዋላችሁ እናቶች እግዜር ይስጥልን። ስለ ልጆቻችን የአሜሪካን ፉትቦል ሲዝን ባጭሩ ተናገር ተብዬ ነው የተነሳሁት፣ ግን ውጤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ላይ አብረን ነው የቆምነው፣ ስለዚህ እሱን ልለፈው። እኔ የመጣሁት ስለ ሰከንደሪያችን ልናገር ነው፣ ስለ ሁለቱ ኮርነርባኮችና ስለ ሁለቱ ሴፍቲዎች፣ ከኋላ ቆመው ፓስ ስለሚከላከሉት ልጆች።

እኛ እኮ ሲያትል ነው ያለነው! ጥሩ ሰከንደሪ እንዴት እንደሚሰራ አይናችን እያየ ነው የተሰራው። ኮቹ ፒት ካሮልና ስራ አስኪያጁ ጆን ሽናይደር በ2010 የከተማችንን ቡድን ሲሃውክስን ሲረከቡ፣ ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ድራፍት ላይ ኧርል ቶማስን በመጀመሪያው ዙር በ14ኛ ምርጫ ወሰዱት፣ እሺ እሱ ውድ ነው። ካም ቻንስለርስ? በዛው ድራፍት 5ኛ ዙር፣ 133ኛ። ሪቻርድ ሸርማን በ2011፣ እሱም 5ኛ ዙር፣ 154ኛ፣ ያውም ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሪሲቨር፣ ማለትም ፓስ ተቀባይ የነበረ ልጅ። ባይረን ማክስዌል 6ኛ ዙር፣ ብራንደን ብራውነር ደሞ ካናዳ ካልጋሪ ሲጫወት ከርሞ የመጣ ነው። ሌላው ሁሉ አይቶ ያለፋቸው ልጆች ናቸው። እነዚህ ልጆች ከኋላ ቆመው ሲሃውክስ ከ2012 እስከ 2015 አራት ሲዝን በተከታታይ ከሊጉ ሁሉ ትንሽ ነጥብ የገባበት ቡድን ሆነ፣ በ2013 ብቻ 28 ኢንተርሴፕሽን፣ ማለትም 28 ጊዜ የተጋጣሚን ፓስ ነጠቁ፣ በዛው ሲዝን 606 ነጥብ ያስቆጠረውን የፔይተን ማኒንግን ዴንቨር የሊጉ ፍጻሜ በሆነው ሱፐርቦውል ላይ 43 ለ 8 አሸነፉት።

አሰራሩ ደሞ ሚስጥር አልነበረም። ከኋላ ያለው ሜዳ ሶስት ቦታ ይከፈላል፣ ግራና ቀኙን ኮርነሮቹ ይይዛሉ፣ መሀሉን ቶማስ፣ ቻንስለር ወደ ፊት ወርዶ ሩጫውንና አጭሩን ፓስ ይጠብቃል። ፓሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ሁሉ የሚሰሩትን ያውቃል እኮ፣ ግን ምን ያደርጋል፣ ቶማስ መሀሉን በፍጥነቱ ስለሚሸፍነው ኮርነሮቹ ረጃጅም እጃቸውን ይዘው ጨዋታው የሚጀመርበት መስመር ጋ ሪሲቨሩን ያፍኑታል። አንዱ ስራውን የሚሰራው ሌላው ቦታው ላይ እንዳለ ዞር ብሎ ሳያይ ስለሚያምን ነው። ይሄ እምነት ደሞ በአንድ ሳምንት አይመጣም።

ጃንዋሪ 19 ቀን 2014ን የማያስታውስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ወደ ሱፐርቦውል ለማለፍ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር፣ 23 ለ 17 እየመራን፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቀርቶ፣ እነሱ የኛ 18 ያርድ ላይ ደርሰዋል፣ ኳሷን ይዘው መጨረሻው መስመር አልፈው ታችዳውን ካገቡ አለቀልን። ኳርተርባካቸው ካፐርኒክ ለሪሲቨሩ ለክራብትሪ ወደ ጥግ ወረወረ፣ ሸርማን አብሮት ሮጦ ዞሮ ኳሷን አያት፣ ዘለለ፣ በግራ እጁ ነካት። በቃ፣ ሁሉም ሰው የሚያወራው እስከዚህ ድረስ ነው፣ ከዛ ደሞ ጨዋታው አልቆ ሸርማን ለቲቪ በሰጠው ቃለመጠይቅ ማይክ ላይ ስለጮኸው ጩኸት። ግን ኳሷ መሬት ብትወድቅ ኖሮ እኮ ሌላ ሙከራ ነበራቸው! የያዛት ማን ነው? ማልኮም ስሚዝ፣ ከሰከንደሪው ፊት የሚቆመው ላይንባከር፣ ኳሷ ወደሌላ ሰው ስትሄድ ቆሞ ከማየት ይልቅ ወደሷ እየሮጠ የነበረው ልጅ። 7ኛ ዙር ነው የተመረጠው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሱፐርቦውሉ ኤምቪፒ፣ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ልጆች፣ ቤት ስትገቡ ያቺን ቪዲዮ ድጋሚ እዩዋት፣ ሸርማንን ተዉትና ስሚዝን ብቻ ተከተሉት።

አሁን ወደኛ ልምጣ፣ እዚህ ጋ አንጀቴ ያረረ ነገር አለ። በሲዝኑ መሀል አንድ ታችዳውን በኮርነራችን በኩል ገባ። ወዲያው ከዳር ጩኸት፣ «አውጡት! አይችልም!»። ልጁ 14 አመቱ ነው፣ ይሰማል። በሚቀጥለው ሳምንት ወጣ፣ ሌላ ገባ፣ እሱም ላይ ገባበትና ወጣ፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ አራቱ ልጆች አብረው ሳይጫወቱ ሲዝኑ አለቀ። ከዛ በኋላ የገባብንን ቪዲዮ እኔ እያቆምኩ አይቼዋለሁ። ሁለቱ ሪሲቨሮች ይሻገራሉ፣ የኛ ኮርነር «ስዊች!»፣ የምንጠብቀውን እንቀያየር ብሎ ይጮሃል፣ እጁንም ያወዛውዛል፣ አዲሱ ሴፍቲ ግን ከሱ ጋር ሰርቶ ስለማያውቅ ምን እንደተባለ አልገባውም፣ ሁለቱም አንዱን ሪሲቨር ተከትለው ሄዱ፣ ሌላኛው ብቻውን ቀረ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የጮኸው ልጅ ነው? ልጆቹን የበታተንናቸው እኛ ትልልቆቹ ነን እንጂ! ደሞ ኳስ መያዝ ያቃተውን ሁሉ «ወደኋላ ውሰዱት» የሚባለው ነገር ይብቃ፣ ወደኋላ እየሮጡ ሌላ ሰው መከተል ከዚህ ጨዋታ ከባዱ ስራ ነው።

ሌላው ትዕግስት ነው። የሲሃውክስ የሰከንደሪ ኮች የነበረው ክሪስ ሪቻርድ ለነሸርማን ያስተማራቸው መስመሩ ላይ ሪሲቨሩ ሳይንቀሳቀስ እንዳይዘሉበት ነው፣ መጀመሪያ እግር፣ ከዛ እጅ። የኛ ልጆች እጃቸው ይቀድማል፣ ይስተካከላል።

ተጠባባቂም ያስፈልጋል። በ2015 ሱፐርቦውል የሲሃውክሱ ኮርነር ጄረሚ ሌን የኒው ኢንግላንዱን ኳርተርባክ ቶም ብሬዲን ኢንተርሴፕት አድርጎ እዛው እጁ ተሰበረ፣ ብሬዲ በሱ ቦታ የገባውን ልጅ እየፈለገ ወረወረበት፣ 24 ለ 14 ስንመራ ቆይተን 28 ለ 24 ተሸነፍን። ስለዚህ አምስተኛውም ስድስተኛውም ልጅ ከነዚሁ ጋር አብሮ ይለማመድ፣ ጥሪዎቹን ይወቅ፣ ሰው ሲጎዳ ይግባ። ዳር ላይ ሰው ስለጮኸ ግን አይግባ።

ኮቾቹን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ኦገስት ላይ አራቱን ምረጡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሲዝን አትንኳቸው። ወላጆችን ደሞ፣ ታችዳውን ሲገባ የልጅ ስም አትጥሩ። በዚህ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡልኝና ከዛ እራት እንብላ።