ድንበር ጥበቃና ፍትሐዊ የኢሚግሬሽን ሕግ፦ የአድማጮች ጥያቄና የሕግ ባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ መንግሥት ድንበሩን አጥብቆ እየጠበቀ ለስደተኛው ፍትሐዊ ሊሆን እንዴት ይችላል? አንዱ ሲጠብቅ ሌላው መላላቱ ይቀራል?

መልስ፦ ጥያቄዎን አመሰግናለሁ። ድንበር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አጥርና ጠባቂ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ያለ ፈቃድ ከሚኖሩት መካከል ቀላል የማይባሉት በሕጋዊ ቪዛ ገብተው ጊዜው ሲያልፍ የቀሩ ናቸው፤ ፈንታኒል የተባለው አደገኛ ዕፅም በአብዛኛው የሚያዘው በረሃ ላይ ሳይሆን ተሽከርካሪ በሚፈተሽባቸው ሕጋዊ ኬላዎች ነው። ስለዚህ ሕጋዊው በር በወጉ ሲሠራ ሥራ ወይም ቤተሰብ ፍለጋ የሚመጣው ሰው በዚያው ያልፋል፣ ጠባቂውም ጉልበቱን በእውነት በሚያሰጋው ላይ ያውላል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ ለወንድሜ ካመለከትሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ወረፋው ለምን አይንቀሳቀስም?

መልስ፦ ለዜጎች ወንድሞችና እህቶች በሕግ የተመደበው ቪዛ በዓመት 65,000 ያህል ነው፤ የወንድምዎ ባለቤትና ልጆችም የሚቆጠሩት ከዚሁ ላይ ነው። በዚያ ላይ በኮታ ከሚሰጡት የቤተሰብና የሥራ ቪዛዎች ድምር የአንድ አገር ተወላጆች በመደበኛው ከ7 በመቶ በላይ አይወስዱም፤ በዚህ ምድብ የሜክሲኮ ተወላጆች ከ20 ዓመት በላይ የሚጠብቁት ለዚህ ነው። ሲያመለክቱ ሕፃን የነበረው የወንድም ልጅ 21 ዓመት ሲሞላው፣ ሕጉ ከዕድሜው ላይ የሚቀንስለት ጊዜ ቢኖርም፣ ከአባቱ ፋይል ሊወጣ ይችላል። ሕግ አክብሮ የተሰለፈን ሰው በዚህ መንገድ መቅጣት እጅግ ያሳዝነኛል፤ ሕገወጥ ደላሎችም ገበያቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ተስፋ መቁረጥ ነው።

ጥያቄ፦ ያለ ሰነድ ድንበር አቋርጦ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ወንጀለኛ ነው?

መልስ፦ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31፣ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ከወደቀበት ቦታ በቀጥታ የመጣ ስደተኛ ሳይዘገይ ለባለሥልጣናት ቀርቦ በቂ ምክንያቱን ካስረዳ፣ በአገባቡ ምክንያት እንዳይቀጣ ይደነግጋል። አንቀጽ 33 ደግሞ ወደሚሳደድበት አገር መመለሱን ይከለክላል፤ ሆኖም ለአገር ደኅንነት አስጊ ለመሆኑ በቂ ምክንያት ያለበት ሰው በዚህ ከለላ መጠቀም አይችልም። ጸጥታና ፍትሕ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አብረው ተጽፈዋል ማለት ነው።

ሚዛኑ በተግባር የሚፈተነው ግን በቃለ መጠይቁ ክፍል ነው። አንዲት ደንበኛዬ «የአጎቴ ልጅ ታሰረ» ብላ የተናገረችው በአስተርጓሚው «ወንድሜ ታሰረ» ተብሎ ተመዘገበ። ከዓመት በኋላ ችሎት ስትቀርብ ቃሏን እንደለዋወጠች ተቆጠረባት፤ ያቺን አንዲት ቃል ለማረም ወራት ፈጀብን። ስለዚህ ቃልዎ በሚገባዎት ቋንቋ ተነቦልዎ፣ የተሳሳተው ሳይታረም አይፈርሙ።