ከ«ዚምብ» እስከ ደገዛ፦ የነፍሳት ጥናት በኢትዮጵያ

በዚህ ሳምንት የአድማጮች ጥያቄና መልስ ክፍላችን፣ የነፍሳት ጥናት (ኢንቶሞሎጂ) በአገራችን እንዴት ተጀምሮ የት እንደደረሰ ለጠየቃችሁን የዘርፉ ባለሙያዎች መልሰዋል። ዓመታቱ በሌላ ካልተገለጹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባሕር ዳር የደወሉ አድማጭ፦ «ነፍሳትን በሳይንስ ማጥናት በአገራችን መቼ ተጀመረ? የጀመረውስ ማን ነው?»

አንድ ሰውና አንድ ቀን መጥራት አይቻልም፤ መነሻ ይሁን ከተባለ ግን ከዝንብ እንነሳ። በ1769 ምጽዋ የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ፣ ክረምት ሲገባ ከብቶችን ከጥቁር አፈር ምድር የሚያባርር አንድ ዝንብ በሥዕል አስደግፎ ገልጿል። ስሙን «ዚምብ» ብሎ ጻፈው፤ በግዕዝ ጸልጸልያ እንደሚባልም አከለ። ቃሉ በዚያው እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ። ዝንቡ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ (ፄፄ) ነው ወይስ ሌላ ደም መጣጭ የሚለው ግን ሲያከራክር ኖሯል፤ ሥዕሉና ትረካው ብቻቸውን ዝርያውን ለመለየት አልበቁም። ከዚያ በኋላ የመጡት ናሙና መሰብሰብ ያስፈለጋቸውም ለዚህ ነው።

በ1870ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ፣ በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ እንስሳትና ነፍሳት ይሰበስብ ነበር። የሸዋ ነፍሳት ወደ ጄኖቫ ሙዚየም የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። ቀጥሎ ስሙ የሚነሳው እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት በ1926 እና 1927 መጥቶ የዝቋላንና የጭላሎን ተራሮች ጨምሮ ደጋውን አሰሰ፤ በ1948 እና 1949 ደግሞ የጉጌን ተራሮች። ስኮት የሰበሰባቸው ነፍሳት ዛሬም የሚጠቅሙት በትንሿ መለያ ወረቀታቸው ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከሚገኘው ጀምጀም ደን ያገኘው ነፍሳት ላይ የደኑ ስም፣ ቀኑና ከፍታው፣ «9,000 ጫማ ገደማ»፣ ተጽፎበታል። ይህም ወደ 2,740 ሜትር ይሆናል። ዛሬ ያ ነፍሳት ወደ ላይ ሸሽቶ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ማነጻጸሪያ አለው ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ ይጠይቁ የነበረው «እዚህ ምን ይኖራል?» ብለው ነበር። «የገበሬውን ሰብል የሚበላው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ የጎላው በ1950ዎቹ ነው። በ1958 የበረሃ አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን የሚገመት እህል አጠፋ፤ ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ይሆን ነበር። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት ተመሠረተ። ሐረርጌ ውስጥ ከ1960 እስከ 1964 በሰብልና በዱር ተክል ላይ የተገኙ ነፍሳት ዝርዝር በ1966 ታተመ፤ በዚያው ዓመት የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

በእኛ ግምት ትልቁ እርምጃ በ1977 ተመራማሪዎቹ ክሮው፣ ታደሰ ገብረመድህንና ፀደቀ አባተ ያወጡት የሰብል ተባዮች ዝርዝር ነው። ዝርዝር ስለሆነ ቀላል ሥራ ይመስላል። ግን አንድ የወረዳ ባለሙያ የማሽላ አገዳ ሰንጥቆ ትል ሲያገኝ «ይህ የታወቀ ነው ወይስ አዲስ?» ለማለት የሚመረኮዘው እንዲህ ያለ ዝርዝር ላይ ነው። በየካቲት 1985 የመጀመሪያው የሰብል ጥበቃ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ፣ እስከዚያ የተሠራው ሁሉ በፀደቀ አባተ አርታኢነት በአንድ ጥራዝ ተሰበሰበ።

ከለንደን የጻፉልን አድማጭ፦ «የኢትዮጵያ ነፍሳት በውጭ ሙዚየሞች ምን ያደርጋሉ?»

አንድ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት ስሙ ከአንድ ናሙና ጋር ይታሰራል። ወደፊት ክርክር ከተነሳ ዳኛው ያ ናሙና ነው። የእኛ ነፍሳት በብዛት የተሰየሙት ለንደን፣ ጄኖቫ፣ ፓሪስና የመሳሰሉት ከተሞች ውስጥ ስለሆነ ዳኞቹም እዚያ ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ አንድ ጥንዚዛ ለመለየት ወይ ይጓዛል፣ ወይ ፎቶ ይለምናል። ይህ ሥራን በእጅጉ የሚያጓትት እውነተኛ ችግር ነው። ዛሬ ናሙና ወደ ውጭ መላክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 (በእኛ አቆጣጠር) ይህንን ይገዛል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

ከወልድያ የደወሉ አርሶ አደር፦ «ጤፋችንን የሚጨርሰው ደገዛ ተጠንቷል ወይ? ከአንበጣ በምን ይለያል?»

አባታችን፣ ደገዛ የሚባለው ፌንጣ መሰል ተባይ ተጠንቷል፤ ግን ዘግይቶ ነው። እናንተ ስም ሰጥታችሁት፣ የሚመጣበትን ወቅት አውቃችሁ ስታበቁ፣ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1977 ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። የተሰጠው የላቲን ስም ሁለተኛ ቃል «አጭር ክንፍ» ማለት ነው፤ ልዩነቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ደገዛ አይበርም። አንበጣ በቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ተጉዞ ከሌላ አገር ይመጣል፤ ደገዛ ግን እዚያው የተወለደ ነው። በዓመት አንዴ ብቻ ይራባል። መኸሩ ሲያልቅ እንቁላሉን በመሬት ስንጥቅ ውስጥ ይጥላል፤ በጋውን እዚያው ከርሞ ክረምቱ አፈሩን ሲያረጥበው ይፈለፈላል። ጉዳቱ የሚብሰው ጤፉ እሸት ሆኖ ፍሬው ወተት ሲይዝ ነው።

ስለዚህ ክትትሉ የሚጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ያኔ ገና ትንንሽ ሆኖ በአረምና በድንበር ሣር ውስጥ ይገኛል። ሣሩን በእጅ ገለጥ አድርጎ ማየት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጤፉ ሲያሸት ጠብቆ መድኃኒት ሲረጭ ነው፤ ያን ጊዜ ያደገው ደገዛ በቀላሉ አይሞትም፣ ፍሬው ተበልቷል፣ መድኃኒቱም ለአጨዳ የቀረበ እህል ላይ ይቀራል።

የእንሰት ሥር የሚያደርቀው ነጭ ተባይም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ በ1988 ተመዝግቦ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ1999 ነው።

ከደብረ ብርሃን የጻፉ መምህርት፦ «ለትምህርት ቤታችን የነፍሳት ስብስብ ማዘጋጀት እንፈልጋለን። በፊት የሞከርነው በዓመቱ ዱቄት ሆነብን።»

ዱቄት ያደረገው ሌላ ነፍሳት ነው። ደረቅ ሥጋና ቆዳ የሚበላ ትንሽ ጥንዚዛ አለ፤ እጩ (ትሉ) ፀጉራም ነው፣ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ናሙናውን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ከስፒሉ ሥር ቡናማ ብናኝ ካዩ ገብቷል ማለት ነው። መፍትሔው ሳጥኑን በፌስታል አሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ አንድ ሳምንት ማቆየት ነው። ሲያወጡት ፌስታሉን ወዲያው አይፍቱ፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ካልጠበቁ ጤዛ ይይዝና ይሻግታል። ናፍታሊን ያባርር ይሆናል እንጂ አይገድልም፤ ሽታውም ለልጆች ጤና ጥሩ አይደለም።

አሁን ከመጀመሪያው። ለመግደል ፍሪዘር ውስጥ 48 ሰዓት ማስቀመጥ ከሁሉ ይቀላል። የሚረጭ የበረሮ መድኃኒት አይጠቀሙ፤ ፀጉሩንና ቅርፊቱን አርሶ ያጣብቀዋል። ስፒል ሲወጉ ጥንዚዛን በቀኝ በኩል ባለው ጠንካራ የክንፍ ሽፋን ላይ፣ ከፊት ጠርዙ አጠገብ፤ ፌንጣን ከአንገቱ በስተኋላ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ቢራቢሮን በደረቱ መሃል። ወደ ቀኝ የሚደረገው መሃሉ ላይ ያለው ምልክት እንዳይጠፋ ነው፤ አንዱ ጎን ደህና ከቀረ ዝርያውን መለየት ይቻላል። ከላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፒል ይተዉ፣ መያዣ ነው። የልብስ ስፌት ስፒል አጭርና ወፍራም ነው፤ ይዝጋልም። የማይዝግ፣ 38 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የነፍሳት ስፒል ቢያገኙ ይመረጣል። ጉንዳንና መሰሎቹ አይወጉም፤ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ካርቶን ጫፍ ላይ በውኃ በሚለቅ ሙጫ ይለጠፋሉ።

ትል ደግሞ ከደረቀ ይጨማደዳል፤ በጥሬው አልኮል ውስጥ ከገባም ይጠቁራል። ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውኃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል አቆይቶ ወደ 70 ወይም 80 በመቶ አልኮል ማዛወር ነው። ካቲካላ አይሆንም፤ አብዛኛው ከ50 በመቶ በታች ስለሆነ ትሉ ይበሰብሳል።

ከሁሉ በላይ መለያ ወረቀቱ። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ የቦታው ልዩ ስም፣ ከፍታ በሜትር፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም፤ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ላይ የተገኘበት ተክል። በእርሳስ ይጻፍ፣ እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃል። ቀን ላይ ደግሞ የእኛ አገር የተለየ ወጥመድ አለ። «3/4/2015» የሚል ወረቀት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ነው፤ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 12 ቀን 2022 ይሆናል። የውጭ ሰው ግን ሚያዝያ 2015 ብሎ ያነበዋል፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ልዩነት! ወሩን በፊደል ይጻፉት፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጨምሩበት።

ከጅማ የደወሉ የጤና ባለሙያ፦ «በአማርኛ የተሰየመ ትንኝ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?»

እውነት ነው፤ ታሪኩም ከእርስዎ ከተማ ይነሳል። በ1998 ተመራማሪዎቹ ሀንት፣ ኩትዚየና ፈጠነ ከጅማ አካባቢ የተገኘ፣ ከወባ አስተላላፊዎቹ ጋር በዓይን የማይለይ ትንኝ አዲስ ዝርያ መሆኑን አሳዩ። በ2013 አኖፊሊስ አምሃሪከስ ተባለ። የሚለየው በክሮሞሶም ወይም በዘረመል ምርመራ ነው፤ ለዘረመሉ አንድ እግር ይበቃል። በብዛት ከብት ስለሚነክስ በወባ ስርጭት ውስጥ የሚታወቅ ሚና የለውም። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ሁሉንም «የወባ ትንኝ» ብሎ የሚቆጥር ሰው ቁጥሩን ያጋንናል፣ መድኃኒቱንም ያለቦታው ያውላል።

የሚያሳስበን ሌላው ነው፤ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የተገኘው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ። ይህ በከተማ፣ በበርሜልና በሮቶ ውኃ ይራባል፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለታየው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። የውኃ ዕቃን መክደን፣ በሳምንት አንዴ ባዶ አድርጎ ግድግዳውን ማሸት፤ ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከሳምንት በላይ ስለሚፈጅ ዑደቱ ይቋረጣል።

ከፍኖተ ሰላም የደወሉ አድማጭ፦ «የማላውቀው ትል በቆሎዬ ላይ ካገኘሁ ለማን ልስጥ?»

ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ። መጀመሪያ ግን ግንባሩን ይዩ፤ የተገለበጠ «ዋይ» የሚመስል ነጭ መስመርና ጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ካሉት፣ በ2017 የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። ሲወስዱት ግማሹን በአልኮል፣ ግማሹን በሕይወት ያድርጉ። ብዙ ትል በትልነቱ አይለይም፣ ወደ እሳት ራት ተለውጦ ነው ማንነቱ የሚታወቀው። ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከሥሩ ሶፍት፣ በላዩ ከዚያው ማሳ የተቆረጠ ቅጠል። ቅጠሉ በየቀኑ ይቀየርለት፤ አንድ ዕቃ ውስጥም ከአንድ በላይ አይክተቱ፣ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ።