ማይላችሁን ጻፉ

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ኮሚቴው ስለ ታክስ በጥቂቱ እንድናገር ጠይቆኛል። እኔ ግን የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ለሥራ ስለነዳነውና ታክስ ከሚታሰብበት ገቢያችን ላይ ስለሚቀነስልን ማይል። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እኔም እንደናንተ ሹፌር ነኝ፤ ሬገን ኤርፖርት ተሳፋሪ ስንጠብቅ ወረፋ ላይ አብረን አምሽተናል፣ ከአንድ ፔርሙስ ቡና ጠጥተናል። ስለዚህ የደረሰብኝን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

የ2019ን ታክስ ለማሠራት አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ስንት ማይል ነዳህ?" አለኝ። "ኧረ ብዙ ነው" አልኩት። "30 ሺህ ልበልልህ?" አለኝ። "እሺ፣ በል" አልኩት። አለቀ። የዚያ ዓመት ሂሳብ በማይል 58 ሳንቲም ነበር። 17,400 ዶላር ከገቢዬ ላይ ተነሳልኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ቆይቶ ከአይ አር ኤስ፣ ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ መጣ። በየትኛው ቀን፣ ወዴት፣ ለምን ሥራ፣ ስንት ማይል እንደነዳህ በማስረጃ አሳይ ይላል። ያን ቀን ማታ እኔና ባለቤቴ የቤቱን መሳቢያ ሁሉ ገለበጥነው። የዘይት ቅያሪ ደረሰኞች አገኘን። የቨርጂኒያ የመኪና ምርመራ (ኢንስፔክሽን) ወረቀት አገኘን። ሁሉም ላይ ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው ቁጥር ተጽፏል። ስናሰላው መኪናዋ በዓመቱ ከ38 ሺህ ማይል በላይ ሄዳለች። ነድቻለሁ! ግን የቱ ለሥራ፣ የቱ ልጆች ለማድረስ እንደሆነ የምታሳይ አንዲት መስመር አልነበረችኝም። ታክሱን ወደሠራልኝ ሰው ተመለስኩ። "አንተ ነህ እሺ ያልከኝ፤ ፊርማውም ያንተ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ታክሱን ከነወለዱና ከነቅጣቱ በየወሩ እየቆራረጥኩ ከፈልኩ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ያ ሰው "ማይልህን የምትጽፍበት ደብተር አለህ ወይ?" ብሎ ቢጠይቀኝ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ስንቶቻችን ነን በግምት የተሞላ ወረቀት ላይ የፈረምነው? ለሠራነው ሥራ ማስረጃ አጥተን እንደ አጭበርባሪ መታየት ይብቃን! በግምት ለሚሞላ ታክስ ሠሪ ከእንግዲህ አንድ ዶላር አትክፈሉ!

ለ2025 ሂሳቡ በማይል 70 ሳንቲም ነበር። ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጎማው፣ ጥገናው፣ የመኪናው እርጅና ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ (ቶል) ግን ለብቻ ይያዛሉ። ባዶ የምትነዱትንም አትርሱ። ሰው ደለስ ኤርፖርት አድርሳችሁ፣ ተሳፋሪ የሚያገናኛችሁ የስልክ አፕ ክፍት ሆኖ ሥራ እየጠበቃችሁ ወደ አሌክሳንድሪያ ስትመለሱ 30 ማይል ይጠጋል። በ2025 ሂሳብ 21 ዶላር ገደማ ከገቢያችሁ ላይ ይነሳል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ገቢ ታክሱን ብቻ ሳይሆን የግል ሠራተኛ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው 15.3 በመቶ የሚሰላበትንም ገንዘብ ይቀንሳል። የአፑ ኩባንያ በዓመቱ መጨረሻ የሚልከው የማይል ቁጥር ሁሉንም ላይይዝ ይችላል። በእሱ ብቻ አትተማመኑ።

እህቶቼ፣ የናንተ ደግሞ ይብሳል። ከአንድ አረጋዊ ቤት ወደ ሌላ አረጋዊ ቤት በገዛ መኪናችሁ የምትሮጡ፣ ደብልዩ ቱ፣ ማለትም የተቀጣሪ የዓመት ደመወዝ ወረቀት፣ የሚሰጣችሁ ሁሉ ስሙኝ። ከ2018 ጀምሮ ያንን ማይል ከፌዴራል ታክሳችሁ ላይ መቀነስ አትችሉም። ያላችሁ በር አሠሪያችሁ ነው። አሠሪ በደንቡ መሠረት ከነማስረጃው እስከ ዓመቱ የማይል ሂሳብ ድረስ (ለ2025 70 ሳንቲም ነበር) ቢከፍላችሁ ታክስ የለበትም። ታዲያ ለምን አይከፍልም? በሽተኛውን የምታነሱት እናንተ፣ ቤንዚኑን የምትሞሉት እናንተ! ሁለትና ሦስት ሆናችሁ፣ ማይላችሁን ይዛችሁ ጠይቁ።

ሌላው አጭር ነው። ከቤት ወደ መደበኛ የሥራ ቦታ የሚነዳው አይቆጠርም። የራሳችሁን መኪና ሥራ ላይ ባዋላችሁበት በመጀመሪያው ዓመት በማይል ሂሳብ ሳይሆን የመኪናውን ወጪ በመቁጠር ከጀመራችሁ፣ በዚያው መኪና በኋላ ወደ ማይል መመለስ አይቻልም። ለቤተ ክርስቲያን በነፃ የምትነዱት 14 ሳንቲም ነው፤ ያውም በታክሱ ላይ ወጪውን አንድ በአንድ እየዘረዘረ ለሚቀንስ ሰው።

በር ላይ ደብተሮች አሉ፤ ኮሚቴው ነው የገዛው። እስክሪብቶም አለ። ዛሬ መኪናችሁን ከማስነሳታችሁ በፊት ቀኑንና ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉ። አመሰግናለሁ።