እንኳን ማርያም ማረችዎት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፣ ቡናዬን ይዣለሁ። መሃል ላይ ዶሮ ከጮኸ የጎረቤት ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የማወራችሁ ስለ አፍ ወለምታ ነው። የትልልቅ ሰዎች፣ የመሪዎች። ግን ከራሴ ልጀምር። የራሴን ደብቄ በሰው ብስቅ ደስ አይለኝም።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነበር። ወንድ። ቤታችን በጠያቂ ተጨናንቋል። በር ከፋች እኔ፣ ገንፎ አቅራቢ እኔ፣ ሳህን አጣቢም እኔ። ሳምንቱን ሙሉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሲባል ስሰማና አብሬ ስል ከረምኩ። በዚያው ሰሞን ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ዐረፉ። ሲመሽ አመለጥ ብዬ ከአራስ ቤት ወደ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እጄ ገና የገንፎ ቅቤ ይሸታል።

ድንኳን ገባሁ። ባለቤታቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሸፋፍነዋል። ጎንበስ አልኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ፣ ድምፄን በለቅሶ ደንብ ዝቅ አደረግኩና "እንኳን ማርያም ማረችዎት" አልኳቸው።

"አሜን" አሉ።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያጽናናቸው አሜን ሲሉ ውለዋላ! አፋቸው ለምዶታል። ከዚያ ትንሽ ቆዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ለቅሶው የተነሳባቸው መሰላቸውና "ኧረ ይበቃል፣ ኧረ እንዲህ አይሆንም" እያሉ ያዟቸው። እኔ ግን ከነጠላው ሥር ፊታቸው ይታየኛል። እየሳቁ ነው። ጠጋ አደረጉኝና በጆሮዬ "ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን አዋልዶኝ?" አሉኝ።

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ይላል ተረቱ። ቅቤው እንኳ ነበረኝ፣ እጄ ላይ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሟቹ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በማግስቱ ቡና ላይ "አውቃ ነው! እንኳን ተገላገሉ ማለቷ ነው" ተባልኩ። ማርያምን፣ አላሰብኩትም! ግን ማን ያምነኛል?

በኋላ ሳነብ ይህ የእኔና የጎረቤቶቼ ክርክር ቪየና ላይ ከመቶ ዓመት በፊት ተካሂዶ አገኘሁት። ሩዶልፍ ሜሪንገር የሚባል የቋንቋ ምሁር ነበር። ሥራው ምን መሰላችሁ? ሰው ሲሳሳት ጠብቆ መመዝገብ። ጓደኛ ሆኖ ምሳ አብሮ መብላት ያስፈራል መቼም። በ1895 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራላችሁ) ካርል ማየር ከሚባል ሐኪም ጋር ሆኖ ስብስቡን አሳተመ። በኋላ ከጠቀሳቸው ስህተቶች አንዱ የኦስትሪያ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነው። ሰውየው ተነሱ፣ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ገለጹ፣ ከዚያም "ስብሰባው መዘጋቱን አስታውቃለሁ" አሉ። መከፈቱን ሊሉ ነው እንግዲህ። በአማርኛ ደግሞ ማዕረጉ ራሱ ያስቀኛል። አፈ ጉባኤ! አፍ ነው ሥራቸው።

ሜሪንገር የሰጠው ምክንያት ቀላል ነው። ተቃራኒ ቃላት ጭንቅላታችን ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው። መክፈት ስትፈልጉ መዝጋትም አጠገቡ አለ። አፍ ከቸኮለ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። የሰውን ድብቅ ሐሳብ ያጠና የነበረው የቪየናው ሐኪም ፍሮይድ በ1901 ያንኑ ምሳሌ አነሳና ሌላ ነገር አለ። አፈ ጉባኤው ከዚያ ስብሰባ ደህና ነገር አይጠብቁም ነበር፣ ቢዘጋላቸው ደስ ይላቸዋል፣ አፋቸው ልባቸውን አወጣው አለ። በአጭሩ የሰፈሬ ሴቶች ፍሮይድ ናቸው። እኔ ከሜሪንገር ጋር ነኝ፤ ሌላ ምርጫም የለኝ። "እንኳን ደስ አላችሁ"፣ "እንኳን አደረሳችሁ"፣ "እግዜር ያጽናችሁ" ሁሉም አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው ያሉት። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስጠቀምበት የከረምኩትን አወጣሁ።

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደንም እንደዚሁ ነው የሆኑት። ሐምሌ 2024፣ ዋሽንግተን፣ የኔቶ ጉባኤ። የዩክሬኑን ዘለንስኪን ወደ መድረክ ሲጋብዙ "ፕሬዚዳንት ፑቲን" ብለው ጠሯቸው። አዳራሹ ደነገጠ። ባይደን ወዲያው ነቁና ፑቲንን ስለማሸነፍ ሲያስቡ እንደተሳሳቱ ተናገሩ። ዘለንስኪ "እኔ እሻላለሁ" አሉና ሳቁ። ልብ በሉ፣ የሳቁት የተበደሉት ሰውዬ ናቸው። ልክ እንደ ጎረቤቴ። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ባይደን ምክትላቸውን ካማላ ሃሪስን "ምክትል ፕሬዚዳንት ትራምፕ" አሏቸው። በአሥረኛው ቀን ከምርጫው ወጡ። በእርግጥ በዚህ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ከትራምፕ ጋር ያደረጉት የምርጫ ክርክር ነው የጎዳቸው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። በዚህ ጉዳይ የሚዞረው ቀልድ ግማሹ የፈጠራ ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌል "ላቲን አሜሪካ ሄጄ ላቲን ቋንቋ ባለማጥናቴ ቆጨኝ" ብለዋል ይባላል። አላሉም። አንዲት የምክር ቤት አባል ለቀልድ የፈጠሩት ነው፣ ተለጥፎባቸው ቀረ። በ1992 ግን ኒው ጀርሲ አንድ ትምህርት ቤት ገብተው የ12 ዓመት ልጅ "ድንች" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል ከጻፈ በኋላ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል አስጨምረውታል። ይሄኛው እውነት ነው፤ የተሰጣቸው ካርድ ላይም እንደዚያው ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። ልጁ ግን ያውቅ ነበር። ትልቅ ሰው ነውና ያሉትን ጻፈ። እኔ የማዝነው ለልጁ ነው።

የምወደው መሪ ልንገራችሁ? በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው ታዲያ። ቪክቶር ቼርኖሚርዲን። የሩሲያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ከጋዝ ሥራ ነው የመጡት፣ ጋዝፕሮምን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። አረፍተ ነገር ይጀምሩና መሃል ላይ መንገድ ይጠፋባቸዋል። በ1993 ክረምት መንግሥታቸው በድንገት የድሮውን የሶቪየት ገንዘብ ከገበያ አነሳ። ሕዝቡ ያለውን ይዞ ባንክ በር ላይ ተሰለፈ። ብር ሲቀየር ተሰልፋችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። ነሐሴ ላይ ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡና "የተሻለ እንዲሆን ፈልገን ነበር፤ የሆነው ግን እንደ ሁልጊዜው ነው" አሉ።

እንደ ሁልጊዜው! ሩሲያውያን ይህን ንግግር ተቀብለው ተረት አደረጉት። ግድግዳ ሲጣመም፣ ወጥ ሲያር፣ ይሉታል። ሰልፍ ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው የሳቁበት። ገንዘባቸው ተበላ፣ ቢያንስ ተረቱ ደረሳቸው።

የሚከብደው ማንም የማይስቅበት ነው። መስከረም 2015፣ ሐራሬ። የዚምባብዌው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሙጋቤ ፓርላማ ሊከፍቱ መጡ። 91 ዓመታቸው ነው። ንግግራቸውን ማንበብ ጀመሩ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እዚያው ፓርላማ ውስጥ ያነበቡት ንግግር ነው። ያው ራሱ። አንደኛው ገጽ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት። በኋላ ቃል አቀባያቸው ወረቀቱ የተሳሳተው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው አሉ። ይሁን። እኔን የገረመኝ ግን አዳራሹ ነው። ያን ሁሉ ደቂቃ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ "ጌታዬ፣ ይህኛው ያለፈው ነው" አላላቸውም። እኔን እኮ ገና ከድንኳኑ ሳልወጣ ሦስት ሴቶች ናቸው ያረሙኝ። አንዷ በክርን።

አሁን ወደ ልጅየው ቡሽ፣ ወደ ቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልምጣ። ስለዚህ ነገር አንስቶ እሳቸውን መዝለል አይቻልም። ኅዳር 2000፣ ምርጫው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አርካንሶ ላይ ስለ ተቃዋሚዎቻቸው ሲናገሩ እንግሊዝኛ ውስጥ የሌለ ቃል ፈጠሩ። ወደ እኛ ቢመጣ "አሳስተው" እና "አሳንሰው" ተጋጭተው "አሳስንሰው ገመቱኝ" እንደማለት ነው። እውነት ለመናገር ጥሩ ቃል ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ተሳስንሼ ተገምቻለሁ። ነሐሴ 2004 ደግሞ የመከላከያ በጀት ሲፈርሙ ጠላቶቻችን አገራችንንና ሕዝባችንን የሚጎዱበት አዲስ መንገድ ከማሰብ አያርፉም አሉ። ቀጠሉና "እኛም አናርፍም" አሉ።

ይህን ስሰማ ከሳቄ የተነሳ እንባ አውጥቻለሁ። ሰውየው ራሳቸውም ይስቁበት ነበር። በ2001 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች እራት ላይ የራሳቸውን ስህተቶች ከመጽሐፍ እያነበቡ አሳቁ። ጎበዝ አልኩ። በራሱ የሚስቅ ባለሥልጣን ስንት ጊዜ አይተናል?

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 2004፣ እዚያው እራት ላይ እንደገና ቀረቡ። ኢራቅ ከተወረረች አንድ ዓመት አልፏል። የተወረረችው ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ተብሎ ነው፣ መሣሪያው ግን አልተገኘም። ቡሽ የራሳቸውን ፎቶዎች አሳዩ። ቢሯቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው የዕቃ ሥር ያያሉ። "እነዚያ መሣሪያዎች የሆነ ቦታ መኖር አለባቸው" አሉ። "እዚህ የሉም።" አዳራሹ ሳቀ። ይህ ወለምታ አይደለም። ተጽፎ፣ ታስቦበት፣ ፎቶ ተመርጦለት የመጣ ነው።

ከዚያ ግንቦት 2022 ደረሰ። ዳላስ፣ በስማቸው በተሰየመው ማዕከል። ስለ ሩሲያ እየተናገሩ ነው። እዚያ አገር ሥልጣንን የሚገታ ስለሌለ አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ ምንም ምክንያት የሌለውና ጭካኔ የተሞላበት ወረራ ከፈተ አሉ። በማን ላይ? "በኢራቅ ላይ" አሉ።

ዐይናቸውን ጨፈን፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። "ማለቴ በዩክሬን።" ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው "ኢራቅም ቢሆን… ለማንኛውም" አሉ። ሰዉ ሳቀ። "75" አሉ፣ ዕድሜያቸውን ነው። ሳቁ ጨመረ።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ሜሪንገር ቢኖር ሁለቱም የአገር ስም፣ ሁለቱም የተወረረ አገር፣ ጎረቤታሞች ናቸው ይላል። ምናልባትም ልክ ነው። እኔ ራሴ በሜሪንገር ነው ነፃ የወጣሁት፣ አሁን ለሌላ ሰው ስከለክል ደስ አይልም። ግን "ኢራቅም ቢሆን" የሚለው ወለምታ ነው? እሱ ከእርማቱ በኋላ ነው የመጣው። አፋቸው ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ። ሳቁ ባይመጣ ኖሮ ቀጥለው ምን ሊሉ እንደነበር ሁልጊዜ አስባለሁ።

ደግሞ ሳቁ ከየት ነው የመጣው? በዚያ ጦርነት ከ4400 በላይ የአሜሪካ ወታደሮችና ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ኢራቃውያን ሞተዋል። ድንኳኑ ውስጥ እኔ ቀድሜ ብስቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ያንን ሰፈር ረግጬ አላልፍም ነበር። ቀድመው የሳቁት ነጠላ ያዘቀዘቁት ናቸው፣ እኔ ፈቃድ ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። ዳላስ ላይ የሳቁት ግን…

አንድ ጊዜ፣ ቡናዬ ቀዝቅዟል።

እሺ። የጎረቤቴን መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልዘጋም። ልጁ አርባ ቀን ሞላውና ክርስትና ተነሳ። ለባለቤታቸው ተዝካር ገና ጥቂት ቀናት ይቀራሉ። እሳቸው ጥቁራቸውን እንደለበሱ ድፎ ዳቦ በልጅ አሸክመው ለአፍታ ብቅ አሉ። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ሳያቸው ጆጉን አስቀምጬ ቆምኩ። ቀጥ ብለው ወደ እህቴ ሄዱ። እህቴ አርባ ሌሊት እንቅልፍ አላየችም። ልጁ ሌሊቱን ሁሉ ያለቅሳል፣ ዐይኗ ጎድጉዷል። ጎንበስ ብለው ሳሟት፣ እጇን ያዙ፣ ከዚያ ቀና ብለው እኔን እያዩ፣ ድምፃቸውን በለቅሶ ደንብ ዝቅ አድርገው፣ "እግዜር ያጽናሽ ልጄ" አሏት።

"አሜን፣ አሜን!" አለች እህቴ። ከልቧ ነው ያለችው።