የኋላው ክፍል በር

የተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ መጋቢት 24 ነው፤ በዓለም ዙሪያ የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ የሚታሰብበት ቀን። ስብሰባችን ከዚህ ቀን ጋር ሲገጥም ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጠኝ ኮሚቴውን ለመንኩ፤ ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። በዚህ እድር 14 ዓመት ሆኖኛል። እኔን ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ። ልጄን ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም፤ ደብቄው ስለነበር ነው።

እንግዳ ሲመጣ የኋላው ክፍል አስገብቼው በሩን ከውጭ እቀረቅር ነበር። «ልጁስ?» ስትሉኝ «ተኝቷል» እላችኋለሁ። አልተኛም። በሩን በጣቱ ሲመታ እየሰማሁ ነበር ቡና የምቀዳላችሁ። ይህን በእናንተ ፊት መናገር ከብዶኝ ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬአለሁ፤ ግን ዛሬም በዚህ ሰፈር በር የምትቀረቅር እናት ያለች ይመስለኛል።

ገና ዓመት ከመንፈቅ ሳለ ስሙን ስጠራው አይዞርም ነበር። ደንቆሮ ነው ብዬ አለቀስኩ። ግን የብስኩት ላስቲክ በሌላ ክፍል ሲንኮሻኮሽ ሮጦ ይመጣል። ሌሎች ልጆች «ያ! ያ!» እያሉ በጣታቸው ሲያሳዩ እሱ የእኔን እጅ ይዞ ወደሚፈልገው ነገር ይጎትተኛል። ቆርኪ በቀለም እየለየ ሲደረድር ይውላል፤ አንዷ ከቦታዋ ከተነሳች ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል። «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው» አላችሁኝ፤ አጽናናኝ። ዓይን ለዓይን አለማየቱንም «ጨዋ ልጅ፣ አንገቱን የሚደፋ» ብላችሁ አመሰገናችሁልኝ። በእኛ አገር ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን አለማየቱ ሥነ ሥርዓት ነውና ምልክቱ ከባህላችን ጀርባ ተሸሸገ። ሐኪም «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ሲነግረኝ ልጄ አምስት ዓመት አልፎት ነበር።

ጸበልም ወስጄዋለሁ። እምነቴን አልተውኩም፣ ዛሬም እጸልይለታለሁ። ግን ቀዝቃዛው ውሃ አናቱ ላይ ሲወርድ የጮኸውን ጩኸት ሰው «ሊለቀው ነው» አለው። የሚለቀው ነገር አልነበረም። የልጄ ቆዳ ከእኛ ቆዳ አብልጦ ይሰማዋል፤ ያሳመመው ያ ነበር።

ኦቲዝም የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። ከመወለድ በፊት ይጀምራል፣ ከዘር ጋር ትልቅ ግንኙነት አለው፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማን አይደለም፣ ቡዳም አይደለም። ከክትባትም አይመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ክትባትን የጠረጠረውን ጽሑፍ ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። እናቶችን የመውቀስ ነገር ደግሞ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ልጆች ከጻፉ በኋላ ለብዙ ዓመታት «እናቶቻቸው ፍቅር ነፍገዋቸው ነው» ተብሎ ነበር። በ1964 ይህን በጽኑ የተቃወሙት በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያም፣ የኦቲዝም ልጅ አባትም ነበሩ። ይህን ሳውቅ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝ።

የልጄን ውሎ ልንገራችሁ። ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ በመስኮቱ በኩል ካልተቀመጠ አይሄድም። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጮህ ጆሮውን ይደፍናል፤ ቤት ሲገባ ያንኑ «ሜክሲኮ» እስከ ማታ እየደጋገመ ይላል። መደጋገሙ ለእሱ መረጋጊያው ነው። ወጡ እንጀራውን ከነካው አይበላም። ጾም ሲገባና ሲፈታ ምግቡ ስለሚለወጥ እነዚያ ቀናት ከባድ ናቸው። መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ክረምት ቆርቆሮው ላይ በረዶ ሲወርድ፣ ንጋት ላይ የእድራችን ጡሩምባ ሲነፋ እጁን ይነክሳል። አንድ ቀን በስልክ «አንጀቴ ተቃጠለ» ስል ሰምቶ በጣሳ ውሃ አመጣልኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት ከሐዘን አልነበረም። ልጄ ለሰው ግድ የለውም ሲሉኝ ኖረው ነበርና።

ጉርሻ የፍቅራችን መግለጫ ነው፤ ለእሱ ግን አፉ ውስጥ የሚገባ የሰው እጅ ነው። ሦስት ጊዜ ጉንጭ መሳምም እንዲሁ። ሲሸሻችሁ የናቃችሁ አይምሰላችሁ። ሱቅ ደጃፍ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲጮህ ስታዩት «ያልተቀጣ ልጅ» አትበሉ፤ ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ ግፊያው ሞልቶ ፈስሶበት ነው። ያን ጊዜ ከተመልካች ይልቅ የሚጠቅመኝ ሰው መንገድ የሚከፍትልኝ ነው።

ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጭራሽ አይናገርም፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። እድራችን 240 አባወራ አለው። በቤት አራት ሰው ብንቆጥር 960 ነፍስ ነን፤ ሰባት ወይም ስምንት ሰው መኖር አለበት ማለት ነው። እኔ የማውቀው ሁለት ብቻ ነው። ሌሎቹ የት ናቸው?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ልጃቸው ሳያፍሩ ተናገሩ። በ2021 አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የተቋቋመው በወላጆች ነው። ቦታው ግን ከፈላጊው ጋር አይመጣጠንም፤ ስለዚህ ልጆቻችን አብዛኛውን ቀን የሚውሉት ከእናንተ ጋር ነው፣ እዚሁ ሰፈር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ልጁን የምተውለት ሰው አጥቼ ቀብር ባለመገኘቴ ሦስት ጊዜ ተቀጥቻለሁ። ከፍያለሁ፤ ብሩ አላስከፋኝም። ያስከፋኝ ከጎረቤቴ ሐዘን መቅረቴ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ሲሻሻል እንዲህ ያለ ልጅ የያዘ አባል በቀብር ፈንታ በሌላ ሥራ እንዲያገለግል ይፈቀድለት። እኔ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ዕቃ ላጥብ፣ ሌሊት ሽንኩርት ልክተፍ። ጡሩምባውም ከእኛ ደጅ ትንሽ ራቅ ብሎ ይነፋልን።

ልጄ አሁን ውጭ በሩ አጠገብ ከአክስቱ ጋር ቆሞ የመኪና ታርጋ እያነበበ ነው። 13 ዓመቱ ነው። ስትወጡ ሰላም በሉት። እጁን አትያዙት፤ ስሙን አንድ ጊዜ ጥሩና ዝም ብላችሁ ጠብቁት፣ እስከ አስር ቁጠሩ። ቶሎ ካልመለሰ አትድገሙበት፣ መልሱ በመንገድ ላይ ነው። ከመለሰላችሁ ምናልባት የመኪናችሁን ታርጋ ይነግራችኋል።