ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ወንዙ ግን እየሞላ ነው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ድምፄን ለመቅዳት አላሰብኩም ነበር። ነገ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ወንዝ ለመውረድ ቀጠሮ ይዘናል። ካያኮቹ፣ ማለትም የምንቀዝፋቸው ጠባብ ጀልባዎች፣ መኪናው ላይ ታስረዋል። ከአንድ ሰዓት በፊት ስልኬን ከፍቼ የወንዙን ፍሰት አየሁ። 41 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይላል። ቁጥሩ ለኛ ልክ ነው፤ በዚህ መጠን ብዙ ጊዜ ወርደናል። ግን የግራፉ መስመር ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 33 ነበር። ስለዚህ «ነገ አንሄድም» ብዬ ጻፍኩላቸው።

አንዱ ወዲያው መለሰልኝ። «ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል፣ ጠብታ የለም!» አለ። እውነቱን ነው። በመስኮት ሳይ ኮከቦቹ ይታያሉ። መልሱን መጻፍ ጀመርኩና ረዘመብኝ። ለሌላም ሰው ይጠቅማል ብዬ ማይክሮፎኑን አበራሁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ አላደረግኩም። ያኔ ሦስት ነበርን። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቁጥሩን አየሁ፤ 38 ነበር። ጥሩ ነው ብዬ ተኛሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውሃ ላይ ነበርን። በመሃል ስልኬን አልነካሁም።

መጀመሪያ የተለወጠው ድምፁ ነው። ወፈር አለ። ከዚያ ቀለሙ ደፈረሰ። ቆየት ብሎ ቅጠልና ጭራሮ መሃል ለመሃል ይወርድ ጀመር። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አንድ ላይ ግን አላነበብኩትም። የገባኝ ሁልጊዜ አረፍ የምንልበትን ትልቅ ድንጋይ ሳጣው ነው። ድንጋዩ የትም አልሄደም። ውሃው ውጦት ነው።

ከመታጠፊያው በኋላ አንድ ዛፍ ወድቆ ወንዙን ግማሽ ድረስ ዘግቶታል። እንዲህ ያለ ዛፍ ልክ እንደ ወንፊት ነው። ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን እዚያው ይቀራል። የአንደኛው ጓደኛዬ ካያክ ተገልብጦ ውሃው ሰውየውን ቀጥታ ወደ ዛፉ ወሰደው። የተረፈው አንድ ነገር ስላወቀ ነው። በእግሩ አልቀረበም። በደረቱ ተገልብጦ በሙሉ ኃይሉ ወደ ዛፉ ዋኘ፣ ግንዱን አቅፎ ሽቅብ ወጣበት። እግሩን አስቀድሞ ቢሆን ኖሮ ውሃው ከቅርንጫፎቹ ሥር ያስገባው ነበር። ግንዱ ላይ ተኝቶ ሲያስል የነበረው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ቤት ገብቼ ግራፉን አየሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ መስመሩ ሽቅብ ወጥቷል። ውሃ ውስጥ ስንገባ 70 አልፏል። ቁጥሩ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው መጠኑን ሳይሆን አቅጣጫውን ነው። እየጨመረ ያለ 41 እና እየቀነሰ ያለ 41 ለኔ ሁለት የተለያዩ ወንዞች ናቸው። የሚቀንሰው ወንዝ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ትናንት ከዛሬው የባሰ ነበር፣ ነገ ደግሞ ይሻላል። የሚጨምረው ግን የት እንደሚያቆም አልነገራችሁም። በዚያ ላይ ዳርቻው ላይ ደርቆ የቆየውን ግንድና ፍርስራሽ ሁሉ አንስቶ ይዞ ይመጣል።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣም ማወቅ ደግ ነው። ብዙ ሰው መሣሪያው ፍሰቱን በቀጥታ የሚለካ ይመስለዋል። አብዛኞቹ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች ግን የሚለኩት የውሃውን ከፍታ ነው። አንዳንዱ ከድልድይ ሥር በተሰቀለ ራዳር ይለካል፣ አንዳንዱ ወንዙ ውስጥ ተቀምጦ የውሃውን ግፊት ያነባል። ከፍታው ወደ ፍሰት የሚቀየረው ቀደም ሲል በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡን የሚሠሩት ደግሞ ሰዎች ናቸው። ወንዙ ሲያንስም ሲሞላም እየሄዱ ይለካሉ። ወንዙን በስፋቱ ይከፋፍሉትና የእያንዳንዱን ክፍል ጥልቀትና ፍጥነት ይወስዳሉ። ጥልቀቱ አነስ ባለበት ፍጥነቱን የሚለኩት ከውሃው ገጽ ወደ ታች 60 በመቶ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ፍጥነት ለአማካዩ ይቀርባልና። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን በጣም አከብራለሁ። እኔ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ሆኜ የማየውን ቁጥር እነሱ ውሃ ውስጥ ቆመው ነው ያመጡት።

ግን ልብ በሉ። ትልቅ ጎርፍ የወንዙን ወለል ይቦረቡራል፣ ወይም አሸዋና ድንጋይ ይሞላዋል። ያኔ ያው ከፍታ ሌላ ፍሰት ማለት ይሆናል። እንደገና እስኪለካ ድረስ ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥር ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከጎርፍ በኋላ ባለው ሰሞን ቁጥሩን ከዓይናችሁ ጋር አስተያዩት። እኔ መነሻችን ላይ ምልክት ያደረግኩበት ቋጥኝ አለ። ውሃው ከምልክቱ በላይ ከሆነ፣ ስልኩ ምንም ቢል አልገባም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። «ሰማዩ ጥርት ብሏል» ላለው መልሱ ካይሮ ውስጥ አለ። ሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የናይል መለኪያ አለ። የወንዙ ውሃ በቦይ ይገባበት የነበረ ጉድጓድ ነው። መሃሉ ላይ በክንድ የተከፋፈለ ዓምድ ቆሟል። ውሃው 16 ክንድ አካባቢ ከደረሰ ዓመቱ ደህና ነው ይባል ነበር። በጣም ካነሰ ረሃብ፣ በጣም ካለፈ ጎርፍ። ካይሮ ላይ እኮ ዝናብ ብርቅ ነው። ዓምዱን ሽቅብ ይወጣ የነበረው የክረምት ሙላት በአብዛኛው የዘነበው ኢትዮጵያ ከፍታዎች ላይ ነው። ዓምዱ ሥር የቆመው ሰው የሚያየው ሰማይ ስለዚያ ዝናብ ምንም አይነግረውም ነበር።

አሳዛኝም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1976 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቢግ ቶምሰን ሸለቆ አናት ላይ ዝናብ የያዘ ደመና መጥቶ ቆመ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ዘነበ። ታችኛው ሸለቆ ውስጥ የነበሩት ብዙም ዝናብ አላገኛቸውም። ውሃው ግን መጣ። 144 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ መካከል ሸለቆውን ይዘው በመኪና ለማምለጥ የሞከሩ ነበሩ። ዛሬ እዚያ አካባቢ ጎርፍ ከመጣ ወደ ከፍታ ውጡ የሚሉ ምልክቶች መንገዱ ዳር ተተክለዋል። መኪናውን ትቶ በእግር ተራራውን መውጣት ማለት ነው። ጥቂት ሜትር ከፍታ ነፍስ ያድናል።

ከላይ ግድብ ካለ ደግሞ ዝናብም አያስፈልግም። በር ይከፈታል፣ ወንዙ ይነሳል። የግድቡን የመልቀቂያ ሰዓት ሳትጠይቁ አትውረዱ።

ስለ ውሃው ጉልበት አንድ ነገር ልበል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። 41 ማለት በየሰከንዱ 41 ቶን በአጠገባችሁ ያልፋል ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በፍጥነት የሚሄድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትናንሽ መኪኖችን፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኞቹን መኪኖች ይዞ ይሄዳል። ሰው ጥልቀቱን በዓይኑ ገምቶ «ጉልበቴ ጋ እንኳ አይደርስም» ይላል። ጥልቀቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ከወደቃችሁስ? በጀርባችሁ ተኙ፣ እግራችሁን ወደ ውሃው መሄጃ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት። ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም በፍጹም አትሞክሩ። እግር ድንጋይ መካከል ከተያዘ ውሃው ከኋላ ይገፋችሁና በግንባራችሁ ይደፋችኋል። ሰላም ያለ ቦታ ስታዩ በደረታችሁ ዞራችሁ ሰያፍ አድርጋችሁ ወደ ዳር ዋኙ፤ ፊት ለፊት ከውሃው ጋር አትታገሉ። ወንፊት የሆነ ዛፍ ከመጣ ጓደኛዬ እንዳደረገው አድርጉ። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ መጀመሪያ ትንፋሽ ይቆራረጣል። አንድ ደቂቃ ያህል ጭንቅላታችሁን ከውሃ በላይ ይዛችሁ ትንፋሻችሁን ብቻ አረጋጉ። ያንን ደቂቃ የሚሰጣችሁ የነፍስ አድን ጃኬቱ ነው። ጀልባው ውስጥ የተቀመጠ ጃኬት ሳይሆን፣ ደረታችሁ ላይ የታሰረ ጃኬት።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ዝቅተኛ ግድቦችን ነው፤ ውሃው በላያቸው አልፎ የሚወድቅባቸውን አጫጭር ግንቦች ማለቴ ነው። ከላይ ሲታዩ ለስላሳ መስመር ናቸው፤ ድምፃቸውም ያን ያህል አያስፈራም። ግርጌያቸው ላይ ግን ውሃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሽከረከራል፣ የገባበትንም ሰው መልሶ መላልሶ ወደ ግድቡ ይጎትታል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ሊያድኑ ዘለው የገቡ ሰዎችም አብረው ቀርተዋል። ስለዚህ ከዳር ሆናችሁ ገመድ ወርውሩ እንጂ አትግቡ። ከእንዲህ ዓይነቱ ግድብ በፊት ከውሃው ወጥተን ካያኩን ተሸክመን በየብስ እናልፋለን። ሁልጊዜ።

ዛፉ ላይ ከደረሰብን ቀን ወዲህ በመካከላችን አንድ ስምምነት አለ። ቁጥሩን ማታም፣ ጠዋት ከቤት ስንወጣም፣ መነሻው ላይ ደርሰንም እናያለን። አንድ ሰው «ይቅር» ካለ ይቀራል፤ ለምን አይባልም። የምንመለስበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ዳር ላይ ይኖረናል። ዛሬ ስለ ሰማዩ የጻፈልኝ ጓደኛዬም ስምምነቱን አልጣሰም። ቅር ብሎታል፣ ይገባኛል። ሳምንቱን ሙሉ ነው የጠበቀው።

እየቀዳሁ ሳለ ግራፉ ታደሰ። 47 ሆኗል። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ላኩለት። «እሺ፣ መቼ ይወርዳል?» አለኝ። መስመሩ ዞሮ መውረድ ሲጀምር እደውልለታለሁ። አሁን ካያኮቹን ከመኪናው ላይ ላውርድ።